«ይውረድ» ከመባሉ በፊት

በአዲስ አበባ ጋራዦች ከሚሰጡ ፍርዶች ሁሉ «ዲፈረንሻሉ ይውረድ» የሚለውን ያህል በቀላሉ ከአፍ የሚወጣ የለም። ባለመኪናው የኋላ አክስል ዘይት አስቀይሮ ይሄዳል። በሳምንቱ መኪናውን ጠባብ ቦታ ላይ ሲያዞር ከመቀመጫው ሥር የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያጉረመርም ነገር ይሰማውና ተመልሶ ይመጣል። መካኒኩ አንድ ዙር ነድቶ ይወርዳል፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገም ይፈርዳል፦ ኮሮናና ፒኞው ተበልቷል፤ ኩሽኔታው አልቋል፤ እስከ ዛሬ አሮጌው ዘይት ነበር የደበቀው፤ ይውረድ። ባለመኪናውም ያምናል። ለምን አያምንም? ድምፁን በገዛ ጆሮው ሰምቶታል።

የምሞግተው ይህን ፍርድ ነው። መካኒኮቻችን አላዋቂ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ በአንድ ክሪክና በጥቂት መፍቻ የሚሠሩትን ሥራ ብዙ መሣሪያ የተሟላለት ባለሙያ ቢደግመው ይገርመኛል። ስህተቱ የቅደም ተከተል ነው። ኤልኤስዲ በተባለው፣ የአንዱን ጎማ ባዶ መሽከርከር በሚገድበው ዲፈረንሻል ላይ ከዘይት ቅያሪ በኋላ ድምፅ ከመጣ መጀመሪያ መከሰስ ያለበት ዘይቱ ነው። ብረቱ የሚጠረጠረው ዘይቱ ነጻ ከወጣ በኋላ ነው። እኛ ግን ብረቱን ወዲያው እናስርና ዘይቱን ለምስክርነት እንኳ ሳንጠራ እንፈርዳለን።

መኪና ሲዞር የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል፤ ዲፈረንሻል የተሠራውም ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ነው። ተራው ዲፈረንሻል ግን ለሁለቱም እኩል ጉልበት ስለሚያካፍል፣ አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ሲሆን ደረቅ መሬት የያዘው ሌላኛውም የሚደርሰው ጭቃው የቻለውን ያህል ብቻ ነው። በክረምት ጥቁር አፈር የያዘው መኪና አንድ ጎማው እየበረረ ሌላው ቆሞ የሚታየው ለዚህ ነው። የመፍትሔው ታሪክ ወደ እሽቅድምድም ይወስደናል። ፌርዲናንድ ፖርሸ ለነደፋቸው የአውቶ ዩኒየን የውድድር መኪኖች የጀርመኑ ዜድኤፍ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መንሸራተትን የሚገድብ ዲፈረንሻል ሠራ፤ በአሜሪካ ደግሞ ፓካርድ በ1956 ለተራ ገዢ አቀረበው። ዛሬ በየገጠሩ መንገድ ከምናያቸው ኒሳን ፓትሮሎች፣ ሃይሉክሶች፣ ፓጄሮዎችና አይሱዙ ፒክአፖች መካከል ይህ ዲፈረንሻል የተገጠመላቸው አሉ። ሁሉም አይደሉም። ጣጣውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ መኪናው የቱን ዓይነት እንደያዘ የሚጠይቅ የለም።

በውስጡ ያለው ነገር ውስብስብ አይደለም። ከጎን ማርሾቹ ጀርባ ቀጫጭን ዲስኮች ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ከጎማው አክስል ጋር ይዞራል፣ ቀጣዩ ከዲፈረንሻሉ ቤት ጋር፣ እንዲህ እየተፈራረቀ ይሄዳል። ሞላ ይጫናቸዋል፤ ሞተሩ ጉልበት ሲሰጥ ደግሞ ማርሾቹ ራሳቸው እየገፉ የበለጠ ያጣብቋቸዋል። አንዱ ጎማ ሊያመልጥ ሲል የዲስኮቹ መያያዝ ይገታዋል። ነገር ግን ቀጥ ባለ መንገድ ተጣብቀው የቆዩት ዲስኮች መኪናው ሲዞር ደግሞ የግድ መንሸራተት አለባቸው፤ አለዚያ ጎማው በአስፋልቱ ላይ ይጎተታል።

ድምፁ የሚወለደው በዚህ ቅጽበት ነው። የተጣበቀን ነገር ለማላቀቅ የሚያስፈልገው ኃይል መንሸራተቱን ከጀመረ በኋላ ከሚያስፈልገው ሲበልጥ፣ ዲስኮቹ ይይዛሉ፣ ይለቃሉ፣ እንደገና ይይዛሉ፣ ይህም በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ማሲንቆ የሚያዜመው በዚሁ ሕግ ነው፤ አዝማሪው የደጋኑን ጭራ በዕጣን የሚያሸው ጭራው ክሩን ይዞ እንዲለቅ፣ ይዞ እንዲለቅ ነው። ዕጣን ያልነካው ደጋን ዝም ብሎ ይንሸራተታል። የተሳሳተ ዘይት የተሞላ ኤልኤስዲም ዕጣን የተቀባ ደጋን ነው፤ ቅኝቱ ብቻ ለጆሮ አይጥምም።

ለዚህ ዲፈረንሻል ተብሎ የሚሠራ ዘይት ውስጥ የሰበቃ ማስተካከያ የሚባል ቅመም ይገባል። ረጃጅም ሞለኪውሎቹ በአንድ ጫፋቸው ብረቱን ይዘው በሌላው ጫፋቸው የሚያለዝብ ስስ ንጣፍ ይሠራሉ። ሰበቃን አያጠፉም፤ ቢያጠፉትማ ዲፈረንሻሉ ምን ሊረባ! የመነሻውን መያዝ ዝቅ ያደርጉታል፤ ያኔ ዲስኮቹ ሳይነጥሩ በለሆሳስ ይላቀቃሉ። ይህ ቅመም በአሮጌው ዘይት ውስጥ ነበር። የማፍሰሻው ብሎን ሲፈታ አብሮ ፈሰሰ። አዲሱ ውስጥ ከሌለ፣ ዲስኮቹ ላይ የቀረው ጥቂቱ እስኪታጠብ ድረስ መኪናው ዝም ሊል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ያጉረመርማል። ባለመኪናው ዘይቱን የማይጠረጥረው ድምፁ በቅያሪው ዕለት ስላልመጣ ነው፤ ጥርጣሬውን የሚያስጥለው ይህ የጥቂት ቀናት ዝምታ ነው።

«ግን እኮ የተሞላው ጂኤል-5 ነው፣ ውድ ዘይት ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ከዚህ መልስ በላይ ሰው ያሳሳተ የለም። ጂኤል-5 የሚለው የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ደረጃ የሚናገረው የኮሮናና የፒኞ ጥርስ በከባድ ጫና ሲፋተግ ዘይቱ እንደሚጠብቀው ነው። ለዚያም በድኝና በፎስፎረስ የተሠራ ቅመም ይዟል፤ የማርሽ ዘይት አፍንጫ የሚሰነፍጠው በድኙ ምክንያት ነው። ደረጃውን ለማግኘት ከሚያልፍባቸው ፈተናዎች ዋነኞቹ ኤል-37 እና ኤል-42 ናቸው፤ አንደኛው በዝግታና በከባድ ጭነት፣ ሁለተኛው በፍጥነትና በድንገተኛ ጫና ጥርሱን ይፈትናሉ። የኤልኤስዲ ዲስክ መንሸራተትን የሚለካ ግን በመካከላቸው የለም። ስለዚህ አንድ ዘይት ጂኤል-5 ሆኖ፣ ኦሪጅናል ሆኖ፣ ዋጋውም ኪስ የሚያራቁት ሆኖ ለእርስዎ አክስል ስህተት ሊሆን ይችላል። የቶዮታ መመሪያ መጽሐፍ ኤልኤስዲ ላለውና ለሌለው አክስል ለየብቻ ዘይት የሚያዝዘው ለጌጥ አይደለም፤ የኒሳንም እንዲሁ። በጠርሙሱ ላይ ሊፈለግ የሚገባው «ኤልኤስ» ወይም «ኤልኤስዲ» የሚል ተጨማሪ ምልክት ነው። ከበርሜል በጣሳ ተቀድቶ በውፍረቱ ብቻ «ዘጠና ነው» ተብሎ በሚሸጥ ዘይት ላይ ደግሞ ይህን ምልክት ማን ያነበዋል?

አሁን ወደ ጠንካራው መከራከሪያ ልምጣ። «ብረቱ ድሮም ተበልቶ ነበር፤ የወፈረው አሮጌ ዘይት ሸፍኖት ቆየ፤ ቀጭኑ አዲስ ዘይት ገለጠው» ይላሉ። የሚናቅ ክርክር አይደለም። ወፍራም ዘይት የማርሽ ጩኸትን እንደሚያፍን እውነት ነው፤ አጭበርባሪ መኪና ሻጮች ያለቀ ዲፈረንሻል ውስጥ ሰጋቱራ ጨምረው ዝም የሚያሰኙበት የታወቀ የዓለም ብልጠትም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ክርክሩ የሚፈርሰው ግን ድምፁ የሚመጣበት ሰዓት ሲታይ ነው። የተበላ ኮሮናና ፒኞ የሚጮኸው ቀጥ ባለ መንገድ፣ በፍጥነት፣ ጭነት ሲበዛበት ነው፤ መኪና ማቆሚያ ውስጥ በእግር እርምጃ ፍጥነት ሲዞሩ ጠብቆ አይጀምርም፤ መሪው ሲቃናም አይጠፋም።

የበለጠ የሚያስገርመኝ ሌላው ነው። ዲስኮቹ በእርግጥ ካለቁ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ዝምታ ነው። የመያያዝ ኃይላቸውን ያጡ ዲስኮች የሚይዙት ስለሌላቸው የሚለቁትም የለም፤ መኪናው እንደ ተራ ዲፈረንሻል ይሆንና ባለቤቱ የሚያውቀው ጭቃ ውስጥ ሲገባ ነው። የሚያጉረመርመው ኤልኤስዲ በአብዛኛው ገና የሚይዝ ኤልኤስዲ ነው። እኛ ግን ዝም ያለውን ጤነኛ፣ የሚናገረውን ሟች ብለን እንፈርጃለን። የተቃጠሉ ወይም የተጣመሙ ዲስኮች ትክክለኛ ዘይት ተሰጥቷቸውም ሊያጉረመርሙ ይችላሉ፤ ይህን አልክድም። ያን ማወቅ የሚቻለው ግን ትክክለኛው ዘይት ከተሰጣቸው በኋላ ነው።

ድምፅን ከድምፅ መለየት የጆሮ ተሰጥኦ አይጠይቅም፤ መቼ እንደሚመጣ መጠየቅ ይበቃል። በሰዓት 60 ወይም 80 ኪሎ ሜትር ቀጥ ብለው ሲሄዱ የሚያላዝን፣ ነዳጅ ሲሰጡና ሲለቁ ቃናው የሚለወጥ ከሆነ የማርሽ ጥርስን ይጠርጥሩ፤ ያኔ ከመካኒኩ ጋር ነኝ። ነዳጁ ምንም ቢሆን ከጎማ ፍጥነት ጋር ብቻ የሚወጣና የሚወርድ ጉርምርምታ፣ በተለይ በፍጥነት ኩርባ ሲገቡ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል የሚብስ፣ የጎማ ኩሽኔታ ይሆናል። ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ሲቀይሩ አንድ ጊዜ «ቋ» የሚል ድምፅ የክሮቼራ ወይም የማርሽ ክፍተት ነው። ቀስ ብለው ጠባብ ዙር ሲዞሩ ከታች የሚያንቀጠቅጥ፣ በተለይ ረጅም መንገድ ተነድቶ አክስሉ ከሞቀ በኋላ የሚብስ፣ ቀጥ ሲሉ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ግን የዲስክና የዘይት ጉዳይ ነው። አንድ ጥያቄ ግማሹን ምርመራ ጨርሶታል፤ ክሪክ እንኳ አላስፈለገም።

በዚያው ሳለን፣ ስንቱ መኪና ባለአራት ጎማ ጉልበት በስህተት እንደገባ አስፋልት ላይ ሲዞር ተንቀጥቅጦ «ዲፈረንሻል» ተብሏል! የመሃል ዲፈረንሻል በሌላቸው ፒክአፖች ላይ ማንሻው ገብቶ ከቀረ ጠባብ ዙር ላይ መኪናው ታስሮ ይነጥራል። ማንሻውን አይቶ መመለስ ነው። ሌላው የእኛ አገር አመል ጎማ ነው፤ አንዱ ሲፈነዳ በግራ አዲስ፣ በቀኝ የተላጨ አስረን እንነዳለን። ቁመታቸው የማይመጣጠን የኋላ ጎማዎች ቀጥ ባለ መንገድ ላይም በተለያየ ፍጥነት ስለሚዞሩ ዲስኮቹ ዕረፍት አያገኙም፤ ይግላሉ፣ ያልቃሉ። ወንዝ ተሻግሮ የመጣ መኪና ከሆነ ደግሞ ዘይቱን ቀንሶ ማየት ነው፤ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፣ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ከንቱ ነው።

መኪናው ጭራሽ ኤልኤስዲ አለው ወይ? በቶዮታ መለያ ሳህን ላይ ያለው የአክስል ኮድ የመጨረሻ ፊደል ሲ ወይም ዲ ከሆነ አለው፤ ኤ ወይም ቢ ከሆነ ተራ ነው። ሳህኑ ከጠፋ የፊት ጎማዎችን በድንጋይ አግዶ፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንሥቶ፣ በማስቀመጫ ደግፎ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጎ አንዱን ጎማ በእጅ ማዞር ነው፤ ሌላው በዚያው አቅጣጫ ከዞረ ዲስኮቹ ይዘዋል፣ በተቃራኒው ከዞረ ተራ ነው ወይም ዲስኮቹ አልቀዋል። ይህ ሁሉ ሞተሩ ጠፍቶ ነው። ኤልኤስዲ ያለው መኪና አንድ ጎማው ብቻ ተነሥቶ በሞተር ከተሽከረከረ መሬት የነካው ጎማ መኪናውን ከክሪኩ ላይ አሽቀንጥሮ ይጥለዋል፤ በዚህ ጉዳይ ቀልድ የለም።

የተቃራኒውን ወገንም ዝም ብዬ አላልፍም። ድምፅ በሰማ ቁጥር የቅመም ጠርሙስ የሚገለብጥ ሰው ከ«ይውረድ» ባዩ የሚለየው በወጪው ብቻ ነው። ቅመሙ ሲበዛ ዲስኮቹ መያዝ ያቆማሉ፤ ጸጥታው ይገዛል፣ ዲፈረንሻሉ ግን ይሸጣል። ብዙዎቹ «ኤልኤስ» የተባሉ ዘይቶች ቅመሙን ይዘው ስለሚመጡ ተጨማሪ አይፈልጉም። ዲስክ የሌላቸው ዓይነቶችም አሉ፤ ቬርኖን ግሊስማን ፈጥሮት እ.ኤ.አ. በ1958 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ቶርሰን በማርሽ ብቻ ስለሚሠራ ቅመሙ አይነካካውም። በጄኔራል ሞተርስ ፒክአፖች ላይ የሚገኘው ጂ80 የተባለው ደግሞ ዲስክ ቢኖረውም አምራቹ ቅመም እንዳይጨመርበት ነው የሚመክረው፤ መቆለፉን ያዘገይበታልና። ዕውቀቱ «ጨምር» ወይም «አትጨምር» አይደለም፤ የያዝከውን ለይ ነው።

ታዲያ ኤልኤስዲ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ድምፁም የጠባብ ዙር ድምፅ ከሆነ፣ ነገሩን ሳይደርቅ በእርጥቡ መጨረስ ይቻላል። መጀመሪያ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ የዘይቱን ልክ ማየት፤ ተዳፋት ላይ የተሞላ አክስል ጎድሎ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከዚያ ምን ዘይት እንደገባ መጠየቅ። ካልታወቀ ወይም ተራ ጂኤል-5 ከሆነ፣ ወይ አፍስሶ መመሪያው ያዘዘውን የኤልኤስዲ ዘይት መሙላት፣ ወይ አምራቹ በሚፈቅድበት አክስል ላይ ቅመሙን በልኩ መጨመር ነው። ልኩ ትንሽ ነው፤ ፎርድ ለ8.8 ኢንች አክስሉ የሚያዝዘው 118 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ታክሲ የሠሩ ወገኖቻችን ይህን አክስል ያውቁታል፤ ከእነዚያ መኪኖች መካከል ኤልኤስዲ የነበራቸው አሉ።

ዘይት መሙላት ብቻውን አይበቃም። ቅመሙ በተጫኑት ዲስኮች መካከል የሚገባው ሲንሸራተቱ ነው። ስለዚህ መኪናውን ትንሽ ነድቶ አሙቆ፣ ሰፊ ባዶ ሜዳ ፈልጎ፣ በስምንት ቁጥር ቅርጽ በዝግታ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አሥርና አሥራ ሁለት ጊዜ ማዞር ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ማጉረምረሙ አይቀርም፤ ቀስ በቀስ ከለዘበ ጉዳዩ ተገኝቷል። ይህን ሥራ ጋራዡ ራሱ ሠርቶ መኪናውን ቢያስረክብ ደግሞ ግማሹ «ተመለሰ» ባልመጣ ነበር።

ያም ሆኖ ካልተሻለው መለካት አለ። አንድ የኋላ ጎማ አንሥቶ ሌላውን መሬት ላይ ትቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቆ፣ የቀሩትን ጎማዎች አግዶ፣ የተነሣውን ጎማ በኃይል መለኪያ ቁልፍ ማዞር ነው። ፎርድ ለ8.8 አክስሉ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 27 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች የሚዞር ዲስኮቹን ጨርሷል ማለት ነው። ሌላው አምራች የራሱ ቁጥር አለው። ይህ ቁልፍ በብዙ ጋራዦቻችን የሞተር ቴስታታ ለማሰር ስለሚገኝ መሣሪያ የለንም የሚል ሰበብ አይሠራም።

ፍርዱ ለምን እንዲህ ሥር ሰደደ? አንዱ ምክንያት ገበያው ነው። ባለመኪናው ለሚወርድ ብረት ገንዘብ ይከፍላል፤ ለጥያቄና ለሩብ ሰዓት ሙከራ ግን «ምን ሠራህና?» ይላል። መካኒኩም የሚበላበትን ይመክራል፤ በዚህ ከእሱ ይልቅ እኛ እንወቀስ። ሌላው ዕቃው ነው፤ ሱማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ሙሉ ዲፈረንሻል መግዛት ለአንድ አክስል የታዘዘ የዲስክ ስብስብ ከመፈለግ ይቀላል። ስለዚህ ጤነኛው ኤልኤስዲ ይወርድና በምትኩ ታሪኩ የማይታወቅ ተራ ዲፈረንሻል ይገባል፤ ድምፁ ይጠፋል፣ ሁሉም ይመሰጋገናል። አንዳንዱ ከዚህም ያልፍና ዲስኮቹን አውጥቶ ይጥላል፤ የባሰበት ደግሞ ማርሾቹን በይዶ ያስራቸዋል። የተበየደ ዲፈረንሻል እርሻ ውስጥ ይሠራ ይሆናል፤ በዝናብ የራሰ የአስፋልት ኩርባ ላይ ግን ሰው ይገድላል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ ያሉን መኪኖች ገና ለብዙ ዓመት ይነዳሉ። በየምክንያቱ የሚወርድ ጤነኛ ኤልኤስዲ በቀላሉ አይተካም። ስለዚህ ከጋራዥ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በደረሰኙ ላይ «የዲፈረንሻል ዘይት» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ፤ የዘይቱ ስም፣ ውፍረቱ፣ ኤልኤስ መሆን አለመሆኑ ይጻፍ፣ ባዶው ጠርሙስም ለባለመኪናው ይሰጥ። ድምፅ ቢመጣ መጀመሪያ የሚታየው ያ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ትክክል ከሆነ፣ ልኩም ሙሉ ከሆነ፣ ስምንት ቁጥሩም ተዙሮ፣ ጎማዎቹም እኩል ሆነው ድምፁ ከቀጠለ፣ ይውረድ፤ ሳህን ይዤ አብሬ ቆሜ ብሎኑን እቀበላለሁ።